ያስተካከልኩት ጋቢ

የአባቴን ሕመም ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ሐኪም ሳያየው፣ እናቴ ሳታውቀው፣ አባቴም ለማንም ሳይተነፍሱ እኔ ላፕቶፔ ላይ አይቼዋለሁ። አይቼም ዝም አላልኩም፤ ስህተት ነው ብዬ በገዛ እጄ አጠፋሁት። ይህን የምጽፈው ለሰው ይጠቅማል ብዬ አይደለም። ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሰዎች "አንቺ ምን ታደርጊ ነበር፣ ማን ያውቅ ነበር" ሲሉኝ የምመልሰው ስለማጣ ነው። አውቅ ነበር ማለት አልችልም። አላየሁም ማለትም አልችልም።

ሥራዬን ለአገሬ ሰው ማስረዳት ከተውኩ ቆይቻለሁ። መሐል ሜዳ የተከራየሁባት ቤት ባለቤት "ልጅቷ ኮምፒውተር ላይ ልብስ ትሰፋለች" ብለው ለጎረቤት ሲያወሩ ሰምቼ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ከሳቸው አሳጥሮ የገለጸልኝ ሰው የለም። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምሬ፣ ሥራ ፈልጌ አጥቼ፣ ከኢንተርኔት እያየሁ የለመድኩት ሙያ ነው። በአኒሜሽን ፊልም ውስጥ ለሚንቀሳቀሱ፣ ሥጋና ደም ለሌላቸው ሰዎች ልብስ እሠራለሁ።

እነዚህን ሰዎች ማልበሻው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ጨርቁን ከላይ ለቆ እንዲወርድ መተው ነው። ኮምፒውተሩ ክብደቱንና ውፍረቱን እያሰላ ትከሻ ላይ ያሳርፈዋል፣ ጉልበት ላይ ያጥፈዋል፣ ወገብ ላይ ይሰበስበዋል። እውነተኛ ጨርቅ ነው የሚመስለው። ነገር ግን ሰውየው አንድ እርምጃ በተራመደ ቁጥር ስሌቱ እንደገና ይጀመራል፤ የኔ ላፕቶፕ ለአንዲት እርምጃ ግማሽ ቀን ይፈልጋል፣ እሱም መብራት ካልጠፋ። ሁለተኛው መንገድ ልብሱን ከሰውየው አጥንት ጋር ማሰር ነው። ክንዱ ሲነሣ ልብሱ አብሮ ይነሣል፣ ሲቀመጥ አብሮ ይቀመጣል። ይሄ ፈጣን ነው፤ ጨርቁ ግን ከዚያ ወዲያ መውረድ ትቶ መታዘዝ ይጀምራል። የኔ ሥራ በመጀመሪያው መንገድ አምሮ የወረደውን ጨርቅ ውበቱ ሳይጠፋ ወደ ሁለተኛው ማሻገር ነው። ሲሳካ ማንም ልብ አይለውም። ሲበላሽ ግን ክንድ ከብብት ተገንጥሎ ይታያል፣ ሆድ ልብስ ቀዶ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ያያል።

ሥራውን የሰጠኝ አዲስ አበባ ሆኖ ለልጆች የተረት ፊልም የሚያዘጋጅ ሰው ነው። በአካል ተያይተን አናውቅም፤ በስልክ "እህቴ" ይለኛል፣ እኔም "ወንድሜ" እለዋለሁ። የደጋ ገበሬ ልብስ ፈለገ። በመጀመሪያ በርኖስ ሠራሁለት። በርኖስ የተሰፋ ነገር ነው፣ ትከሻ አለው፣ ከትከሻው ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም ጫፉም የት እንደምትሆን የታወቀች ናት፤ በሳምንት ጨረስኩት። ቀጥሎ ጋቢ ጠየቀኝ። "ጋቢማ ምን አለው፣ አንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ አይደል" አለኝ። እኔም የዋህ፣ አዎ ብዬ ተቀበልኩ።

ጋቢ ስፌት የለውም፣ አንገት የለውም፣ ቁልፍ የለውም። የሚይዘው ሰውየው ራሱ ነው። ትንሽ እንደሄደ ይንሸራተትበታል፣ መልሶ ያጣፋዋል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ያመሳቅለዋል፣ ሲበርደው እስከ አፍንጫው ይከናነበዋል፣ ታላቁ ፊት ሲቆም ያደገድጋል። ታዲያ እንዲህ ያለውን ልብስ ከየትኛው አጥንት ጋር ልሰረው? ሦስት ቀን ሞከርኩ፤ ሦስት ቀን ሙሉ የሠራሁት ሰውየው አንሶላ ተጠቅልሎ ከአልጋ የተነሣ ይመስል ነበር። በአራተኛው ቀን አባቴን አሰብኩ።

አባቴ ጋቢ ያምርባቸው ነበር። ረጅም ናቸው፣ ሲሄዱ አይቸኩሉም። ሲያጣፉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው ደጋግሞ ሲጎትት እሳቸው ዳግም አይነኩትም። ጋቢውን የፈተለችው እናቴ ናት፤ ጥጡን ከቆላ ነጋዴ ገዝታ፣ ሁለት ክረምት ፈትላ፣ መሐል ሜዳ ካለ ሸማኔ ዘንድ ያሠራችው ነው። ስለዚህ ሌላ ጋቢ መፈለግም አላስፈለገኝም።

የሁዳዴ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሄድኩ። ቤታችን ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በኩል የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አባቴ ግቢው ውስጥ የድንጋይ ካቡን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። የመጣሁበትን ሳስረዳቸው ሳቁ።

"ታዲያ ከኔ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ምንም። እንደ ወትሮዎ ይራመዱ፣ ይቀመጡ፣ ይነሡ። እኔ በስልኬ እቀርጻለሁ።"

"እኔን ነው ጋቢዬን የምትፈልጊው?"

"ጋቢዎን።"

"እንግዲያስ ለጋቢው ንገሪው፣ እኔ ልረፍበት" አሉኝ። ግን ተነሥተው ተራመዱ። ከካቡ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ካቡ። ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ ዞሩ። "ሰው ቢያየን፣ አባቷን እንደ በቅሎ ታለማምዳለች ይላል" እያሉ እንኳ የነገርኳቸውን ሁሉ አደረጉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በኛ ሥራ ሰውየው ልብስ ሲለብስ ሁለት እጁን በግራና በቀኝ ዘርግቶ ነው የሚቆመው። ልብሱ ከአጥንቱ ጋር የሚታሰረው በዚያ አቋቋም ነው፤ ሌላው እንቅስቃሴ ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነው። ስለዚህ አባቴ እንዲያ ሲቆሙ ጋቢው እንዴት እንደሚሆን ማየት ፈለግሁ።

"አባባ፣ እስቲ እንዲህ ይቁሙልኝ" ብዬ እጆቼን ዘርግቼ አሳየኋቸው።

የተዘረጉትን እጆቼን አዩ። "ይኼማ የስቅለት አቋቋም ነው" አሉ። "ጌታችን በመስቀል ላይ የሆነውን በጾም ቀን ለጨዋታ አላደርገውም። አንቺም እጅሽን አውርጂ።"

እጄን አወረድኩ። እንደ ልጅነቴ አፈርኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ለምን ይል ይሆናል፤ እኛ ቤት ግን እንዲህ ያለ ቃል ከወጣ በኋላ ለምን የሚባል ነገር የለም። እንዲያውም ደስ አለኝ። አባቴ እንደ ጥንቱ ናቸው ብዬ በሆዴ ኮራሁ። የግራ እጃቸው ከፍ አልል ብሎ ይሆን ብዬ አንዴም አልጠረጠርኩም። ጋቢውን ለአፍታ ያውልቁልኝና ክብደቱን ልየው ስላቸውም "ብርድ ነው" አሉኝ፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው። መንዝ ላይ ብርድ ነው ያለን ሰው ደግሞ ማን ይከራከረዋል።

ከተማ ተመልሼ ሥራዬን ጀመርኩ። ቪዲዮውን በአንድ በኩል ከፍቼ፣ ኮምፒውተሩ አስልቶ ያወረደውን ጋቢ በሌላ በኩል አድርጌ አንድ በአንድ አስተያየሁ። የትከሻው ልክ ነው። የጀርባው ልክ ነው። ከእርምጃው በኋላ ትንሽ ዘግይቶ የሚወዛወዘው ዳር እንኳ ልክ መጣልኝ። በግራ ጎን፣ ከጎድን አጥንት በታች ግን አልገጥም አለ። ቪዲዮው ላይ እዚያ ቦታ ሦስት እጥፋቶች ከሦስት አቅጣጫ መጥተው አንድ ነጥብ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከውስጥ የሆነ ነገር ጨምድዶ እንደያዘው። ኮምፒውተሩ ያወረደው ጋቢ ግን እዚያ ጋ ዝርግ ነው።

መጀመሪያ ታማኝ ሆንኩ። ያየሁትን እንዳየሁት ላድርግ ብዬ ጨርቁን እዚያ ነጥብ ላይ ሰብስቤ ያዝኩት፤ ተመሳሰለ። ከአጥንቱ ጋር ሳስረው ጣጣው መጣ። ሰውየው ክንዱን ባነሣ ቁጥር ያ ቋጠሮ የጋቢውን ግማሽ እየጎተተ ይነሣል፣ ጨርቁ በደረቱ ውስጥ ያልፋል። ሁለት ሳምንት ታገልኩት። እስከዚያ የደረስኩበትን ለአዲስ አበባው ሰው ስልክለት "በጣም ቆንጆ ነው እህቴ፣ ግን ግራ ጎኑ ላይ ያለው ምንድን ነው? ስህተት ይመስላል" ብሎ መለሰልኝ።

ስህተት የሚለውን ቃል ከሰው ስሰማ ቀለለኝ። የሚያለሰልስ መሣሪያ አለን፤ በማውስ እየዳበስን የተሸበሸበውን እናስተኛበታለን። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ዳበስኩት፣ ለሰለሰ፣ ከትከሻ እስከ ጉልበት ቀጥ ብሎ ወረደ። ላፕቶፔ ቦታ ስለሌለው የድሮውን በአዲሱ ተካሁት። ቤት ውስጥ ለብቻዬ "ይኸው" ማለቴን አስታውሳለሁ።

ጨርቅ በራሱ አይጨመደድም። ወይ ክብደት ነው፣ ወይ ንፋስ ነው፣ ወይ እጅ ነው። ይህን የማውቀው እንጀራዬ ስለሆነ ነው፤ ለሌላ ሰው ባስተምር መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው። አባቴ ላይ ሲሆን ግን እጁ የማን ነው፣ ምን ይዞ ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

በጾሙ እኩሌታ ለአንድ ቀን ቤት ሄጄ ነበር። አባቴ ከስተዋል። ሁሉም አየ፣ ሁሉም ሌላ ነገር መሰለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበሉም፤ ከቅዳሴ ተመልሰው ሲቀርብላቸውም ሁለት ሦስት ጉርሻ ወስደው "በቃኝ፣ ጾም ነው" ይላሉ። ጎረቤቶች "አባትሽ ዘንድሮስ ጾሙን አጠበቁት" እያሉ በአክብሮት ያወራሉ። ጨጓራዬን ነካ ያደርገኛል ብለው እናቴን ተልባ ያስመቷታል። እኔም ጉንጫቸው መግባቱን አይቼ፣ ለፋሲካ ያገግማሉ አልኩ። በሌላ ወቅት ቢሆን አንዳችን እንደነግጥ ነበር። ጾሙ ሸፈነልን፤ ወይም እኛ ጾሙን መሸፈኛ አደረግነው።

ሆሳዕና ሊደርስ ሲል፣ በገበያ ቀን፣ እናቴ የበግ ፀጉር ሸጣ ለማረፍ እኔ ቤት መጣች። ውሃ ሰጠኋት፣ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ሥራዬን አሳይታት አላውቅም ነበር። ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጌ ጋቢ የለበሰውን ሰው አስኬድኩላት።

"ማን ነው? ፊት የለውም" አለችኝ።

"ፊቱን ሌላ ሰው ነው የሚሠራው። ጋቢው የአባባ ነው።"

ሳቀች። ከዚያ ጠጋ ብላ አየችው። ሦስቴ አስኬደችኝ። "ይሄን ከምን አየሽው?" ስትለኝ ቪዲዮውን ከፈትኩላት። አባቴ ከካቡ እስከ በሩ ሄዱ። እናቴ ቪዲዮውን አየች፣ የሠራሁትን አየች፣ መልሳ ቪዲዮውን አየች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ በግራ ጎናቸው ላይ አደረገች።

"እዚህ ጋ ለምን ለየሽው?"

"ስህተት ስለሆነ አስተካከልኩት።"

"የማን ስህተት?"

እናቴ መልሴን አልጠበቀችም።

"ፈትሉ የኔ ነው" አለች። "ይሄ ጋቢ ከባድ ነው፤ እንዲህ ተጨማድዶ አይቀርም። ውስጥ በእጃቸው ይዘውት ነው። ምን ይዘው ነው?" ደግሞ፣ ለራሷ እንደምትናገር ቀስ ብላ፣ "ጾሙ ከገባ ወዲህ ሲተኙም አያወልቁት። ብርድ ነው ይሉኛል" አለች።

ላፕቶፑን ሳልዘጋ ተነሣን። የሁለት ሰዓቱን መንገድ ስንሄድ እናቴ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፣ እደርስባታለሁ ስል አልቻልኩም።

አባቴ ካቡ ሥር ነበሩ። "ገበያው እንዴት ነበር?" አሉ። እናቴ የያዘችውን ቁና መሬት ላይ አስቀመጠችና "ጋቢውን ይስጡኝ፣ ለበዓሉ ልጠበው" አለች።

"ገና ነው። በዋዜማው ታጥቢዋለሽ።"

"አሁን ነው የማጥበው።"

አባቴ አዩዋት፣ እኔን አዩኝ። ሚስት ባሏን በልጁ ፊት እንዲህ አትናገርም፤ ያን ጊዜ እንዳወቅን ገባቸው መሰለኝ። ግራ እጃቸውን ከውስጥ ለቀቁት። እናቴ ጋቢውን ከትከሻቸው አንሥታ እጇን ከሸሚዛቸው ሥር ሰደደች። እኔ ፊቴን ወደ ካቡ አዞርኩ፤ ሴት ልጅ የአባቷን ገላ አታይም። ስለዚህ በመጨረሻ ሲገለጥ እንኳ አላየሁትም። የሰማሁት የእናቴን ትንፋሽ ነው። በኋላ ስጠይቃት ጨብጣ እጇን አሳየችኝ፤ እብጠቱ ይህን ያክላል፣ ደረቅ ነው አለችኝ።

በማግሥቱ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ወሰድናቸው። ምርመራው ሁለት ቀን ፈጀ። ያየን ወጣት ሐኪም ሕመሙ መቼ እንደጀመራቸው ጠየቀ። አባቴ "ጨጓራ ነው ልጄ፣ ሰሞኑን ነው" አሉ። እኔ "ሰባት ሳምንት" አልኩ። እንዴት እንዳወቅሁ ሲጠይቀኝ ስልኬን ሰጠሁት። ቪዲዮው መቼ እንደተቀረጸ ከታች ተጽፏል። ሐኪሙ አየው፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲያየው ግራ ጎናቸው ላይ አቆመው። ስልኩን መለሰልኝ።

በኋላ ኮሪደር ላይ ብቻውን አገኘሁትና፣ ያን ጊዜ አምጥቼአቸው ቢሆን ኖሮ አልኩት። ጥሩ ልጅ ነው፣ ሊዋሸኝ አልፈለገም። "ይድኑ ነበር ብዬ ልነግርሽ አልችልም፣ አይድኑም ነበር ብዬም ልነግርሽ አልችልም" አለኝ። ያን ዕለት በዚህ ተናደድኩበት። አሁንም የትኛውን ቢለኝ ይሻለኝ እንደነበር አላውቅም። ካሁን በኋላ ግን በቢላዋ የሚደረስበት አይደለም አለን፤ ማስታገሻ ጻፈልን፣ አባቴም ወደ ቤቴ ውሰዱኝ አሉ።

ፋሲካ መጣ። ለዓመት በዓል የታረደውን በግ አባቴ ባረኩት፣ ቆረሱት፣ ለሁላችን አጎረሱን፣ ራሳቸው መረቁን ብቻ ቀመሱ። ጾም የሚባል ምክንያት አልቆ ነበር።

በዚያ ሰሞን የአዲስ አበባው ሰው ደጋግሞ ይደውላል፤ ጋቢው ተወዷል፣ ፊልሙ ውስጥ ያሉ ገበሬዎች ሁሉ ሊለብሱት ነው። እኔ ቤት ተቀምጬ፣ ላፕቶፑን ከመሐል ሜዳ አስመጥቼ፣ ያጠፋሁትን እጥፋት መልሼ ለመሥራት እሞክራለሁ። ማንም አልጠየቀኝም። እንዲሁ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ጨርቁን እዚያች ቦታ ላይ እሰበስበዋለሁ፣ ይጨማደዳል፤ ግን እንዲያው የተጨማደደ ጨርቅ ነው እንጂ ከውስጥ እጅ ያለው አይመስልም። መጀመሪያ ላይ ሳላውቅ በታማኝነት የሠራሁትን፣ አውቄ ልደግመው አቃተኝ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አባቴን ፀሐይ አውጥቼ አስቀመጥኳቸው። ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

"አባባ፣ እኔ አይቼው ነበር" አልኳቸው። "ከሁሉም በፊት። ጎንዎን እንደያዙ ጋቢው ላይ ይታይ ነበር። ስህተት መስሎኝ አጠፋሁት።"

የሰሙኝ ስላልመሰለኝ ልደግመው ስል እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ።

"እኔ ደብቄው ነው" አሉ። "ሥራ ያዝኩ ብለሽ እንዴት እንደመጣሽ አይቻለሁ። ታምሜያለሁ ብልሽ ያን ትተሽ እዚህ ትቀመጪ ነበር። ጾሙ እስኪወጣ፣ ሥራሽን እስክትጨርሺ ብዬ ነው። ጨጓራ መስሎኝም ነበር፣ እሱን አልዋሽሽም።"

"ለእማዬ እንኳ…"

"ለሷ ብነግራት ያው ላንቺ ነው" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። እጅዎን ይዘርጉ ስትዪኝ አልችልም ማለት ሲገባኝ የጌታን መስቀል ምክንያት አደረግሁት። በስሙ ልጄን ዋሸሁ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ ቀኖና ስጡኝ ብላቸው፣ አይ ሕመምህ ይበቃሃል አሉኝ። እኔ ግን አልበቃኝም።"

ማልቀስ የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። እኔ የራሴን ጥፋት ይዤ መጥቼ፣ እሳቸው የራሳቸውን ይዘው ጠበቁኝ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ አሉኝ፤ አንቺም ይቅር በይኝ አሉ። አባት ልጁን እንዲህ ሲል አንጀት ይበላል። እኔ እንደምን ይቅር እላለሁ ብዬ አመነታሁ፤ እሳቸው ግን ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ ጠበቁ። ይቅር ብያለሁ አልኩ። ከዚያ ስለ ገብሱ ጠየቁኝ።

ሰኔ ላይ ዐረፉ። ዝናብ ነበር፤ የቅሬው፣ የዕድራችን ሰዎች ድንኳኑን ጭቃ ላይ ተከሉት፣ መንገዱ ጠፍቶባቸው የዘገዩ ዘመዶች እስከ ሠልስቱ ይመጡ ነበር። ሥራዬን አቋርጬ ነበር። የአዲስ አበባው ሰው ሰምቶ ደወለ፤ "ነፍስ ይማር እህቴ" አለኝ፤ ጋቢውን ያየሁት ከማን ላይ እንደሆነ አልነገርኩትም።

በአርባቸው እናቴ ልብሳቸውን አወጣች። ጋቢውን አጥባ አስጥታ አጣጥፋ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ለሚቀመጡ፣ ጧሪ ለሌላቸው አንድ አዛውንት ሰጠቻቸው። እኔ ይቅር፣ እናስቀረው ማለት ፈልጌ ነበር። የሟች ልብስ ለደሃ ይሰጣል እንጂ አይታቀፉትም፤ እናቴ ይህን ሳትነግረኝ በዓይኗ ነገረችኝ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ዝናቡ በጊዜ ያባራበት እሑድ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። እኔም አየሁ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ከፊታችን ጋቢ የለበሱ ረጅም ሰው ጀርባቸውን ሰጥተውን ይሄዳሉ። ነፋስ አልነበረም። ጋቢው ከግራ ትከሻቸው ተነሥቶ እስከ ጉልበታቸው ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ አንድም ቦታ አልተያዘም። ዳሩ ከእርምጃቸው ትንሽ ዘግይቶ ይወዛወዛል። ላፕቶፔ ላይ ስንት ሳምንት የለፋሁበት፣ በመጨረሻ አለስልሼ የላክሁት ጋቢ ይኸው ነበር፤ አንዲት እጥፋት እንኳ አልተለየም። ጋቢውን በትክክል ሠርቼዋለሁ።

"አባትሽ ላይ እንዲህ ነበር የሚወርደው" አለች እናቴ።

"አዎ" አልኳት።

አዛውንቱ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት፤ በተለመደው አረማመዳችን ብንሄድ ወዲያው እንደርስባቸው ነበር። እናቴ ነጠላዋን እንደምታስተካክል ሆና ቆመች። እኔም ጫማዬ ላይ ጭቃ እንዳለ ሆኜ ጎንበስ አልኩ። ከዚያም ቀድመናቸው ፊታቸውን እንዳናይ፣ መንገዱ እስኪለየን ድረስ፣ ከኋላቸው ቀስ እያልን ሄድን።